የቨርችዋል ማሽን ሜሞሪ የሚነካ ፓች እንዴት ይገመገማል? ለሰሜን ሸዋ ኮድ አንባቢዎች ዝርዝር መመሪያ

ቨርችዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር ያለ አስመስሎ የሚያሠራ ሶፍትዌር ነው። የውስጡን ማሽን እንግዳው እንበለው፤ የሚያሠራውን ደግሞ ሆስቱ። እንግዳው የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ኔትወርክ ካርድ፣ የራሱ ሜሞሪ ያለው ይመስለዋል። በእውነት ግን ይሄ ሁሉ ሆስቱ ላይ የሚሮጥ አንድ ፕሮግራም ነው። እንግዳው ከተፈቀደለት ባፈር፣ ማለትም ለዳታ ከተለየ የሜሞሪ ቦታ፣ አንድ ባይት አልፎ መጻፍ ከቻለ፣ የጻፈው እዚያ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ሆስቱ መሻገር፣ ከሆስቱም አጠገቡ ወዳሉት የሌሎች ሰዎች ማሽኖች መድረስ ይቻላል።

ለዚህ ነው ሜሞሪ የሚነካ ፓች (ኮድ ላይ እንዲገባ የሚላክ ለውጥ) ጠንካራ አንባቢ የሚፈልገው። ክፍት ኮድ ላይ ፓች የሚልክ ሰው ብዙ ነው። የሌላውን ሰው ፓች ቁጭ ብሎ የሚያነብ ግን ትንሽ ነው። ይህ ሥራ ትልቅ ሰርቨር አይጠይቅም፤ ውድ ኮምፒውተርም አይጠይቅም። ሲ ማንበብ የሚችል፣ ጊት የሚያውቅና ትዕግሥት ያለው ሰው ደብረ ብርሃንም ሆነ፣ ሸዋ ሮቢትም ሆነ፣ መሐል ሜዳም ሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሊሠራው ይችላል።

ምሳሌዬን ከኪውኢሙ እወስዳለሁ። ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የቨርችዋል ማሽን ፕሮጀክት ነው። ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ ከኬቪኤም ጋር አብሮ ይሠራል። ኬቪኤም እ.ኤ.አ. በ2007 ከሊኑክስ 2.6.20 ጋር የወጣ የከርነል ክፍል ሲሆን ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን በሃርድዌር እገዛ ያካፍላል። ኪውኢሙ ደግሞ ዲስኩን፣ ዩኤስቢውን፣ ኔትወርክ ካርዱን ያስመስላል። አደገኞቹ ስህተቶች በብዛት የሚገኙት በዚህ በማስመሰሉ ክፍል ነው።

ዘዴዬ አንድ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከእሱ ይወጣል። ከእንግዳው የመጣን እያንዳንዱን ቁጥር ከገባበት በር ጀምሮ እስከ መጨረሻ መድረሻው ተከተሉ። ፓቹ የቀየራቸውን መስመሮች ብቻ ማንበብ አይበቃም።

ቤት ማሰናዳት

መጀመሪያ ኮዱን አውርዱ። ዳታ ውድ ስለሆነ ብዙ ልጆች ታሪኩን ቆርጠው የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ያወርዳሉ። ይህን አታድርጉ። ለሪቪው፣ ማለትም ፓች ለመገምገም፣ ታሪኩ ያስፈልጋችኋል። «ይህ ቼክ እዚህ ለምን ገባ? ማን፣ በምን ምክንያት ጨመረው?» የሚለው ጥያቄ በየሰዓቱ ይመጣል፤ መልሱም ያለው የድሮ ኮሚቶች ውስጥ ነው። ሙሉው ታሪክ በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ነው። ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ካላችሁ እዚያ፣ ከሌላችሁ በሌሊት ጥቅል አንድ ጊዜ አውርዱት። ከዚያ በኋላ የምታወርዱት አዲሱን ብቻ ነው። መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ማንበብ ትችላላችሁ።

ኮምፓይል ስታደርጉ ሁሉንም ዓይነት ፕሮሰሰር አትምረጡ። ኪውኢሙ ብዙ ዓይነት ማሽን ያስመስላል፤ ሁሉንም መሥራት አቅሙ ደከም ላለ ላፕቶፕ ሰቆቃ ነው። ፓቹ የሚመለከተውን አንዱን፣ ለምሳሌ 64 ቢቱን የኢንቴል ዓይነት ብቻ ምረጡ። በአንድ ጊዜ የሚሄዱትን ሥራዎች ሁለት ላይ ገድቡ፤ ካልሆነ ራሙ ይሞላና ማሽኑ ይደርቃል።

ሁለት የተለያዩ ማውጫዎች አዘጋጁ። አንዱ ተራ ግንባታ ነው። ሌላው አድሬስ ሳኒታይዘርና አንዲፋይንድ ቢሄቪየር ሳኒታይዘር የተከፈቱበት ይሁን፤ ሁለቱም ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሜሞሪና የሲ ደንብ ጥሰቶችን የሚይዙ መፈተሻዎች ናቸው። የመክፈቻው ስም ከቅጂ ቅጂ ስለተለወጠ የኮንፊገሩን የእገዛ ገጽ ተመልከቱ። አድሬስ ሳኒታይዘር ፕሮግራሙን በአማካይ ሁለት እጥፍ ያዘገየዋል፤ ራምም ይበላል። ቢሆንም ያለ እሱ ሜሞሪ አትፈትሹ።

መሃል ላይ መብራት ከሄደ አትደንግጡ፤ ግንባታውን የሚያካሂደው ኒንጃ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዳንዴ ግን ግማሽ የተጻፈ ፋይል ይቀርና ሊንክ ሲያደርግ ግራ የሚያጋባ ስህተት ያወጣል። ስሙ የተጠራውን የኦብጀክት ፋይል አጥፍታችሁ ድገሙት።

ከኮዱ በፊት መልእክቱን

የኮሚት መልእክቱን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ጸሐፊው ምን ችግር አየ? እንዴት ፈታው? ችግሩን ያመጣውን የድሮ ኮሚት ጠቅሷል? ከጠቀሰ ያንን የድሮ ኮሚት ክፈቱት። ብዙ ጊዜ ተመሳሳዩ ስህተት በዚያው ኮሚት ውስጥ ሌላ ቦታም ተደግሞ ታገኙታላችሁ።

መልእክቱ «አሠራር አይቀይርም፣ ማስተካከያ ብቻ ነው» ካለና ኮዱ ውስጥ የቫሪያብል ዓይነት ወይም የባፈር መጠን ከተቀየረ፣ እዚያ ላይ ቁሙ። የማስተካከያ ፓች ሰው ሳይጠነቀቅ የሚያሳልፈው ፓች ነው።

ቀጥሎ ፓቹን በራሱ ብራንች ላይ አኑሩት። የፕሮጀክቱን የስታይል መፈተሻ ስክሪፕት አስኪዱ፤ እሱ በሚያየው ላይ እናንተ አትድከሙ። ከዚያ ዲፉን ስታዩ ጊት ሙሉ ፈንክሽኑን እንዲያሳያችሁ እዘዙት። ከላይ ሦስት ከታች ሦስት መስመር ብቻ ያለው ዲፍ ለሜሞሪ ሪቪው አይሆንም። የምንፈልገው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያልተነካው መስመር ላይ ነው።

በሮቹን በወረቀት ላይ ጻፉ

ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ከምሬ ነው። አምስት ዓምድ አስምሩ፤ የቁጥሩ ስም፣ የመጣበት በር፣ ስፋቱና ምልክቱ፣ የተፈተሸበት ቦታ፣ ጥቅም ላይ የዋለበት ቦታ።

በሮቹ እነዚህ ናቸው። «ዕቃ» የምለው ኪውኢሙ የሚያስመስለውን ዲስክ፣ ዩኤስቢ ወይም ኔትወርክ ካርድ ነው፤ ሬጂስተር ደግሞ ዕቃው ትእዛዝ የሚቀበልበት ቦታ ነው። እንግዳው የዕቃውን ሬጂስተር ሲጽፍ የሚጠራው ፈንክሽን አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ዕቃው ራሱ በዲኤምኤ (ፕሮሰሰሩ ሳይገባበት ዕቃው ሜሞሪ በሚነካበት መንገድ) ከእንግዳው ሜሞሪ የሚያነበው ሠንጠረዥ ነው፤ አድራሻና ርዝመት የያዙ መዝገቦች ሁሉ እዚህ ይገባሉ፤ ለቨርችዋል ማሽን ተብለው የተሠሩት የቨርቲዮ ዕቃዎች ወረፋዎችም እንዲሁ። ሰዎች የሚረሱት ሦስተኛ በር ማይግሬሽን ነው። ማሽኑ ከአንድ ሆስት ወደ ሌላ ሲዛወር የዕቃው ሁኔታ በኔትወርክ ይመጣል፤ በዚያ ውስጥ ያለ ኢንዴክስም መፈተሽ አለበት። ከውጭ የሚመጡም አሉ። የኔትወርክ ፓኬት፣ የዲስክ ኢሜጅ ራስጌ፣ ከዩኤስቢ ዕቃ የሚመጣ መልስ፣ ሁሉም የማይታመኑ ናቸው።

«ድራይቨሩ እንዲህ አያደርግም» የሚል ክርክር አትቀበሉ። እንግዳው ውስጥ ያለውን ድራይቨር አጥቂው ራሱ ሊጽፈው ይችላል።

ቼክ አለ፤ ግን የት ነው ያለው?

አሁን አንድ እውነተኛ ስህተት ቀርበን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኪውኢሙ ዩኤስቢ ክፍል ውስጥ የተገኘ ነው፤ በይፋዊው የደኅንነት ስህተቶች መዝገብ ቁጥሩ ሲቪኢ 2020-14364።

የዩኤስቢ ንግግር ሲጀመር እንግዳው ስምንት ባይት ይልካል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች «ቀጥሎ የሚመጣው ዳታ ይህን ያህል ነው» የሚል ርዝመት ናቸው። ሁለት ባይት ስለሆነ እስከ 65535 ሊደርስ ይችላል። ዳታው የሚቀመጥበት ባፈር ግን 4096 ባይት ነው። ኮዱ ይህን ያውቃል። ርዝመቱ ከባፈሩ ከበለጠ ስህተት አውጥቶ፣ ጥያቄውን እምቢ ብሎ ይመለሳል።

እዚህ ደብረ ብርሃን አንዳንድ ቅዳሜ ከተማሪዎች ጋር ኮድ እናነባለን። ይህን ፈንክሽን ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋቸው። አንዷ ቶሎ ብላ፣ «ጋሼ፣ ቼኩ እኮ አለ!» አለችኝ።

«አዎ አለ። ከቼኩ በላይ ያለውን መስመር አንብቢልኝ እስኪ።»

አነበበችው። ዝም አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ «ርዝመት እኩል ይሆናል» የምትለዋን መስመር በክብ ከበበቻት። «መጀመሪያ ስትራክቱ ውስጥ አስገብቶታል። ከዚያ ነው የሚፈትሸው። እምቢ ብሎ ሲመለስ ትልቁ ቁጥር እዚያው ይቀራል።»

ነገሩ ይኸው ነው። አጥቂው መጀመሪያ ትክክለኛ ጥያቄ ይልካል፤ ዕቃው «ዳታ እየጠበቅኩ ነው» ወደሚል ሁኔታ ይገባል። ቀጥሎ ትልቅ ርዝመት ያለው ጥያቄ ይልካል። እምቢ ይባላል፤ ግን ሁኔታው አልተሰረዘም፣ ትልቁ ርዝመትም ስትራክቱ ውስጥ ተቀምጧል። ሦስተኛው እርምጃ ዳታ ማስተላለፍ ነው። ያ ፈንክሽን ስትራክቱ ላይ ያለውን ርዝመት አምኖ ይገለብጣል። ከ4096 አልፎ ይሄዳል። የሚገርመው ደግሞ ከባፈሩ ኋላ፣ በዚያው ስትራክት ውስጥ፣ ርዝመቱና ኢንዴክሱ ራሳቸው ተቀምጠዋል። ስለዚህ አጥቂው ቀጣዩ ጽሑፍ የት እንደሚያርፍ ራሱ ይመርጣል።

መፍትሔው ትንሽ ነበር። ርዝመቱን በፈንክሽኑ ውስጥ ባለ ጊዜያዊ ቫሪያብል ያዝ፤ ፈትሽ፤ ካለፈ ብቻ ስትራክቱ ላይ ጻፍ።

ለሪቪው ከዚህ የሚወጣው ሥራ ይህ ነው። እያንዳንዱ የስህተት መመለሻ ላይ ጣታችሁን አድርጉና ስትራክቱ አሁን ምን እንደያዘ ጻፉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥሪ ያንን ሁኔታ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ለሁሉም መመለሻ ጠይቁ። አሰልቺ ነው፤ ግን ብዙው የሚገኘው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የተገለጠው ቬነም የተባለው ስህተትም ዘመዱ ነው። የፍሎፒ ዲስክ ኮንትሮለሩ 512 ባይት ያለው ባፈር ነበረው። እንግዳው ባይት በላከ ቁጥር ኢንዴክሱ በአንድ ይጨምራል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲያልቅ ኢንዴክሱ ወደ ዜሮ ይመለሳል ተብሎ ታሰበ። ሁለት ትእዛዞች ግን አይመልሱትም ነበር። ኮዱ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እዚያው ነበር። ፍሎፒ የሚጠቀም ሰው ባይኖርም ኮንትሮለሩ ማሽኑ ውስጥ ስላለ በሩ ክፍት ነበር። ጥገናው ኢንዴክሱ ባፈሩ ላይ ከመዋሉ በፊት በባፈሩ መጠን እንዲገደብ ማድረግ ነው። አንድ ፓች «ይህ ቁጥር ሌላ ቦታ ይስተካከላል» በሚል ተስፋ ላይ ከቆመ፣ ቼኩ ቁጥሩ ጥቅም ላይ የሚውልበት ቦታ አጠገብ እንዲሆን ጠይቁ።

ሒሳቡን በእጅ ሥሩት

መነሻ ሲደመር ርዝመት ከመጠኑ ይበልጣል ወይ የሚል ቼክ ስታዩ ቁጥር አስገቡበት። ቁጥሮቹ 32 ቢት ናቸው እንበል። መነሻው 4294967040፣ ርዝመቱ 512፣ ባፈሩ 4096። ድምሩ 4294967552 መሆን ነበረበት። 32 ቢት ግን ከ4294967295 በላይ አይዝም። ስለዚህ ዞሮ 256 ይሆናል። 256 ደግሞ ከ4096 ያንሳል። ቼኩ አለፈ!

ትክክለኛው አጻጻፍ መደመርን ይሸሻል። መጀመሪያ መነሻው ከመጠኑ እንዳይበልጥ ይፈተሻል። ከዚያ ርዝመቱ ከመጠኑ ላይ መነሻው ተቀንሶ ከሚቀረው ጋር ይወዳደራል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መቀነሱም ከዜሮ በታች ዞሮ ትልቅ ቁጥር ይሆናል።

ምልክትን አትርሱ። ርዝመቱ ኢንት ከሆነና የሚወዳደረውም ኢንት ከሆነ፣ አሉታዊ ቁጥር «ከወሰኑ አይበልጥም» ተብሎ ያልፋል። ገልባጩ ፈንክሽን ጋ ሲደርስ ግን ምልክት ወደሌለው ዓይነት ተለውጦ እጅግ ግዙፍ ይሆናል። ኢንቱ ከሳይዝኦፍ ጋር ሲወዳደር ደግሞ ውጤቱ ሌላ ነው፤ ሲ ራሱ ኢንቱን ምልክት ወደሌለው ይቀይረዋልና አሉታዊው ይያዛል። ስለዚህ ሳይዝኦፍን በተራ ቋሚ የሚተካ «ማስተካከያ» ፓች ጥበቃውን ሳይታወቀው ሊያነሳ ይችላል። ይህን በደብተራችሁ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ጻፉት።

ማባዛትም ያው ነው። የመዝገቦች ብዛት በአንዱ መዝገብ መጠን ተባዝቶ ሜሞሪ ሲጠየቅ ውጤቱ ሊዞር ይችላል። ለዚህ ነው የኪውኢሙ የኮድ ደንብ ዓይነቱንና ብዛቱን ለይቶ የሚቀበለውን የጂሊብ (ኪውኢሙ የሚጠቀምበት የሲ ላይብረሪ) ጥሪ የሚመርጠው፤ እሱ ማባዛቱን ራሱ ይፈትሻል። የጂሊብ ተራው የሜሞሪ ጥያቄ ሜሞሪ ካጣ ፕሮግራሙን በሙሉ ይገድለዋል። ስለዚህ መጠኑን እንግዳው የሚወስነው ከሆነ ወይ ወሰን ይደረግበት፣ ወይ ሳይገድል ባዶ ፖይንተር የሚመልሰው ዓይነት ጥሪ ይሁንና መልሱ ይፈተሽ።

የእንግዳው ሜሞሪ ዝም ብሎ አይቀመጥም

ብዙ ጎበዝ ሰዎች እዚህ ይሳሳታሉ። የእንግዳው ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ትሬድ አላቸው። እናንተ ከእንግዳው ሜሞሪ ርዝመት አንብባችሁ፣ ፈትሻችሁ፣ ልትጠቀሙበት ድጋሚ ስታነቡት ሌላው ፕሮሰሰር በመሃል ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ገበያ ላይ ገብሱን አይታችሁ ዋጋ ተስማምታችሁ፣ ገንዘብ ልታወጡ ዞር ስትሉ ጆንያው ቢቀየር ማለት ነው።

ስለዚህ በፓቹ ውስጥ ወደ እንግዳው ሜሞሪ የሚጠቁም ፖይንተር ካለ፣ በእሱ በኩል የሚነበበውን እያንዳንዱን መስክ ቁጠሩ። አንድ መስክ ሁለት ጊዜ ከተነበበ ጥያቄ አንሱ። ደንቡ አንድ ጊዜ ወደ ራስ ቅጂ መገልበጥ፣ ቅጂውን መፈተሽ፣ ቅጂውን መጠቀም ነው። ኮምፓይለሩም ራሱ አንዱን ንባብ ሁለት ሊያደርገው ይችላል፤ ሲ ውስጥ አንድ መስመር ስለሆነ ብቻ አንድ ንባብ ነው አትበሉ።

የእንግዳውን ሜሞሪ በቀጥታ የሚከፍተው ጥሪ ሌላ ወጥመድ አለው። የጠየቃችሁትን ርዝመት በሙሉ ላይሰጥ ይችላል፤ ያሳጠረውን ርዝመት በዚያው ቫሪያብል ይመልሳል። ፓቹ የተመለሰውን ርዝመት ሳያይ በጠየቀው ርዝመት ከሠራ ይህ ግልጽ ስህተት ነው። የተከፈተው በሁሉም መውጫ ላይ መዘጋቱንም ተከታተሉ። ዲኤምኤ ንባቡ ሳይሳካ ቢቀርስ? መልሱ ካልታየ ኮዱ ያልተሞላ ቅጂ ይዞ ይቀጥላል።

ዕቃው ራሱን ሲጠራ

እንግዳው ለዕቃው የዲኤምኤ መድረሻ አድራሻ ይሰጠዋል። የሰጠው አድራሻ የራም ሳይሆን የዚያው ዕቃ ሬጂስተር ቢሆንስ? ዕቃው ዳታ ሲጽፍ የራሱ የሬጂስተር ፈንክሽን ይጠራል። ያ ፈንክሽን ዕቃውን ዳግም ሊያስጀምር ይችላል። ዳግም ሲጀመር ባፈሩ ይለቀቃል። መጀመሪያ የተጀመረው ሥራ ግን ገና አላለቀም፤ ተመልሶ የተለቀቀውን ባፈር ይነካል።

ኪውኢሙ እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚህ አጠቃላይ ጥበቃ አስገባ። ዕቃው ሥራ ላይ እያለ እንደገና ወደ ራሱ እንዳይገባ ምልክት ይያዛል። ለሌላ ጊዜ የሚተላለፉ ሥራዎች ላይም ጥበቃ ያለው አማራጭ አለ። ሁለት ነገር ፈትሹ። አዲሱ ኮድ ጥበቃ ያለውን አማራጭ ተጠቅሟል? ፓቹ ጥበቃውን ለአንድ የሜሞሪ ክልል ካጠፋስ፣ ምክንያቱ በመልእክቱ ተጽፏል? ካልተጻፈ አታሳልፉት። ከእያንዳንዱ የዲኤምኤ ጥሪ በኋላ ደግሞ «ከጥሪው በፊት የያዝኩት ፖይንተር አሁንም በሕይወት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በፍጥነት የሚታዩ ነገሮች

ወደ እንግዳው የሚላክ ስትራክት ሙሉ በሙሉ በዜሮ ካልተሞላ፣ መስኮቹ መካከል ያለው ክፍተት የሆስቱን አሮጌ ሜሞሪ ይዞ ይወጣል። መጻፍ ብቻ አይደለም አደጋው፤ ማፍሰስም አለ።

እንግዳው ሊደርስበት የሚችል አሰርት (ሁኔታው ካልተሟላ ፕሮግራሙን የሚገድል ፍተሻ) አይፈቀድ። የእንግዳውን ስህተት መዝግቦ መቀጠል ይሻላል። አሰርት የፕሮግራመሩ የራሱ ስህተት ሲሆን ግን ትክክል ነው፤ ሁሉንም አሰርት አትቃወሙ።

ፈንክሽኑ ሲያልቅ የያዘውን ሜሞሪ ራሱ የሚለቅ ፖይንተር ለሌላ ባለቤት ከተሰጠ፣ ባለቤትነቱ በግልጽ መተላለፉን እዩ። ካልተላለፈ ሁለት ጊዜ ይለቀቃል።

ፋየርክራከር የተባለውን የቨርችዋል ማሽን ሶፍትዌር የመሰለ፣ በረስት ቋንቋ የተጻፈ ፕሮጀክት ላይ ከሆናችሁ ከባፈር ማለፍ በአብዛኛው በቋንቋው ይያዛል። ሆኖም አንሴፍ የተባሉት፣ የቋንቋው ጥበቃ የማይሸፍናቸው ክፍሎች፣ ሁለት ጊዜ ማንበብና የሒሳብ መዞር ይቀራሉ። በሪሊዝ ግንባታ ረስት ኢንቲጀር ሲዞር በነባሪው ዝም ይላል። ደብተሩ እዚያም ያው ነው።

አስኪዱት

ጥርጣሬ ካላችሁ በሥራ አሳዩት። ለዚህ ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫን አያስፈልግም። ኪውኢሙ ኪውቴስት የሚባል መፈተሻ አለው። በእሱ በኩል ሬጂስተሮችን በቀጥታ መጻፍና ማንበብ፣ ሜሞሪ ላይ ዳታ ማኖር ትችላላችሁ። የእንግዳ ኢሜጅ ማውረድ ሳያስፈልግ በአሮጌ ላፕቶፕ ይሄዳል። በደብተሩ ላይ የጻፋችሁትን ቅደም ተከተል፣ ትክክለኛ ጥያቄ፣ ቀጥሎ እምቢ የሚባለው፣ ቀጥሎ ዳታ፣ እንዳለ ወደ ሙከራ ቀይሩት። ሳኒታይዘር ያለበት ግንባታ ላይ አስኪዱት።

ሳኒታይዘሩ ዝም ካለ ግን ፓቹ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አድሬስ ሳኒታይዘር በተለምዶ የሚጠብቀው ከአንድ ሙሉ ኦብጀክት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከተመደበ የሜሞሪ ቁራጭ፣ ውጭ ያለውን ነው። በአንድ ስትራክት ውስጥ ከአንዱ መስክ ወደ ጎረቤቱ መስክ መፍሰስን አያይም። የዩኤስቢው ስህተት የመጀመሪያ እርምጃ ልክ ይሄ ነበር። ስለዚህ የዓይን ንባቡ ይቅደም፣ ማሽኑ ይከተል።

አስተያየቱን መጻፍ

ጸሐፊው ማን ይሁን ማን በአክብሮት ጻፉ። «ይህ ስህተት ነው» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ቁጥሩን ስጡ። መነሻው ይህን፣ ርዝመቱ ይህን ቢሆን በዚህ መስመር ድምሩ 256 ይሆንና ቼኩ ያልፋል፤ ልክ ነኝ ወይ? እንዲህ ያለ አስተያየት ላይ ማንም አይከራከርም። እንግሊዝኛችሁ ያማረ ባይሆንም ቁጥሩ ይናገራል።

«ገምግሜዋለሁ» የሚለውን መስመር ከስማችሁ ጋር የምታስቀምጡት ሁሉንም ካነበባችሁ ብቻ ነው። ሞክራችሁት ብቻ ከሆነ «ሞክሬዋለሁ» የሚል ሌላ መስመር አለ። ግማሹን ብቻ ካያችሁ ያያችሁትን ግማሽ ስሙን ጠርታችሁ ጻፉ፤ ማንም አይቀየማችሁም። ስማችሁ በኮሚቱ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ነገ ያንን መስመር የሚያምን ሰው አለ።

አንድ ነገር አደራ። ስታነቡ ያገኛችሁት ቀዳዳ አዲሱ ፓች ውስጥ ሳይሆን ሰው አሁን እየተጠቀመበት ባለው ቅጂ ውስጥ ከሆነ፣ በይፋ አትጻፉት። ኪውኢሙም ሆነ ሌሎቹ ለደኅንነት ጉዳይ የተለየ የግል መንገድ አላቸው፤ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ተጽፏል። ኪውኢሙ የደኅንነት ቀዳዳ ብሎ የሚቆጥረው ከኬቪኤምና ከመሰሎቹ ጋር ሲሠራ የሚነካውን ነው። በሶፍትዌር ብቻ ፕሮሰሰር በሚያስመስልበት አሠራር ላይ ያለው እንደ ተራ ስህተት ነው የሚታየው። የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ በግል ላኩት። ሜንቴይነሮቹ፣ ማለትም የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች፣ ይለዩታል።

ጸሐፊው ሁለተኛ ቅጂ ሲልክ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አታንብቡ። ጊት ሁለት የፓች ቅጂዎችን የሚያነጻጽር ትእዛዝ አለው፤ ሬንጅ ዲፍ ይባላል። እናንተ ያላችሁት መስተካከሉን ብቻ ሳይሆን ሳትጠይቁት የተቀየረ ነገር መኖሩንም እዩ። ቼኩን ወደ ላይ ሲያነሱ ሌላ መመለሻ ከሥሩ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በደብተሩ ላይ አራተኛውን ዓምድ አዲስ ሙሉ፤ ሁሉም ቁጥር ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት የሚፈተሽበት ቦታ ካገኘ «ገምግሜዋለሁ» ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ።